የእማማ ሶፋና ጠማማው መስመር

በትምህርት ቤቱ ውስጥ ሁሉም ሰው ይለካ እያለ ነው የሚጠራው። እናቱ ያወጡለት ስም ሌላ ነው፤ ግን ያንን ስም ከደመወዝ ከፋዩ በስተቀር የሚያስታውስ ያለ አይመስልም። የፊዚክስ መምህር ነው። በመምህራን ማረፊያ ክፍል አንዱ «ዛሬ ከትናንት ይበርዳል» ቢል፣ «ይለካ!» ይላል። ሌላዋ «ይሄ አዲሱ ጠመኔ ቶሎ ያልቃል» ብትል፣ «ይለካ!» ነው መልሱ። ሚስቱ በሙሽርነታቸው ሰሞን «ከማንም በላይ እወድሃለሁ» ስትለው አፉን ከፍቶ እንደነበርና፣ ዓይኗን ስታፈጥበት መልሶ እንደዘጋው ለሰው ሁሉ እየሳቀች ታወራለች።

እንዲህ ያለው ሰው ሌባ ይሆናል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ግን ሆነ። ያውም የገዛ አማቱን ሰረቀ። ነገሩ ከሥሩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ስለ ስፕሪንግ ትንሽ መስማት አለባችሁ፤ አይዟችሁ፣ ፈተና የለውም።

ስፕሪንግ ላይ ክብደት ቢጭኑበት እንደ አሠራሩ ይረዝማል ወይም ያጥራል። በደንቡ ክብደቱ እጥፍ ሲሆን መርዘሙም እጥፍ ይሆናል። ይህንን በግራፍ ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ ቢያስቀምጡት ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል፤ የመስመሩ አቀበት ስፕሪንጉ ምን ያህል ግትር እንደሆነ ይናገራል። በየዓመቱ የሚሠራ ሙከራ ነው፤ በየዓመቱም ተማሪ ሁሉ የሚያጭበረብርበት ሙከራ ነው። ምክንያቱም መልሱ መጽሐፉ ላይ አለ። ልጆቹ መጀመሪያ በማስመሪያ መስመሩን ያሰምራሉ። ከዚያ ነጥቦቹን በመስመሩ ላይ ጠብ ጠብ ያደርጋሉ። በመጨረሻ ቁጥሩን ከነጥቦቹ እያነበቡ ሠንጠረዡን ይሞላሉ። ስፕሪንጉን የሚነካው የለም። ይለካ አንድ ጊዜ ሆን ብሎ ተዘርጥጦ ያለቀለት፣ የልብስ ማስጫ ሽቦ የመሰለ ስፕሪንግ ሰጣቸው፤ ቆንጆ ቀጥ ያለ መስመር ይዘውለት መጡ። ያን ቀን ምሳው አልበላ አለው።

አሁን ደግሞ የሚሰጣቸው የተዘረጠጠ ስፕሪንግ እንኳ አልነበረውም። ስንት ዓመት የጎረምሳ እጅ ሲጓተትባቸው የከረሙት የላብራቶሪው ስፕሪንጎች አንድ በአንድ አልቀዋል። አዲስ ይገዛልን ብሎ ጠይቆ ጠይቆ ምላሱ ደርቋል። ስለዚህ ዓይኑ በየሄደበት ስፕሪንግ ይፈልግ ጀመር። የቁልፍ መያዣ ሲያይ፣ የወጥመድ ሽቦ ሲያይ፣ የአልጋ ሲጢጥታ ሲሰማ ልቡ ይሰቀላል። መጀመሪያ እጁ ያረፈው በምክትል ርእሰ መምህሩ በር ላይ ነው።

የምክትሉ በር ማንም ሳይገፋው ጓ ብሎ የሚዘጋ በር ነበር፤ ከላይ ወፍራም ስፕሪንግ ተገጥሞለታል። ምክትሉ ምሳ በወጣበት ሰዓት ይለካ ወንበር ላይ ቆሞ ፈታውና ወደ ላብራቶሪው ይዞት ሮጠ። ያለውን ጠርሙስ ሁሉ ውሃ ሞልቶ ቢያንጠለጥልበት ስፕሪንጉ ንቅንቅ አላለም። ከምክትሉ ጋር ከኖረ ነገር ምን ይጠበቃል ብሎ ስቆ ኪሱ ከተተው፤ ነገ እመልሰዋለሁ አለ፤ ረሳው።

እነሆ በማግስቱ በኮሪደሩ ሲያልፍ በሩ አልዘጋ ብሎ ገርበብ ብሏል። ምክትሉ በስልክ ሲያወራ ድምፁ ኩልል ብሎ ይሰማል።

«ላብራቶሪ የሚባል ነገር የለም እኮ፤ ባዶ ክፍል ነው። የትምህርት ቢሮዋ ተቆጣጣሪ በሚመጣው ሳምንት ትመጣለች፣ በዓይኗ ትየው። አንድ ሙከራ ሲሠራ ካላየች አለቀ፣ ክፍሉ ቢሮ ይሆናል። የማን? የኔ ነዋ! ሰፊ ነው፣ መስኮቱ ደግሞ ዛፍ ዛፉን ነው የሚያየው።»

ይለካ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ያችን ክፍል ይወዳታል። አዲስ ተቀጥሮ ሲመጣ መደርደሪያዎቿን በገዛ እጁ ቀለም ቀብቷል፤ የሚያንጠባጥበውን የመታጠቢያዋን ቧንቧ ራሱ በጨርቅ እያሰረ ነው እዚህ ያደረሳት። ጠረጴዛዎቿ ላይ በአሲድ የተበላው ጠባሳ ሁሉ የማን ጥፋት እንደሆነ ያውቃል። እዚያ ውስጥ የምክትሉ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ የምክትሉ አበባ ማስቀመጫ ተቀምጦ ታየው።

አንድ ሳምንት አለው፤ ስፕሪንግ ግን የለውም።

ቤት ሲደርስ አማቱ እንደወትሮው ሶፋቸው ላይ ተሰይመዋል። እማማ ስልክ ቤት ውስጥ ሰው ከሰው ሲያገናኙ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ልጃቸው ጋ መጥተዋል፤ ሲመጡ ከቤታቸው ይዘውት የመጡት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ባለ ሦስት ሰው ሶፋ ነው። በዚህ ሶፋ ላይ ከእሳቸው ሌላ ሰው አይቀመጥም። ይለካ አንድ ቀን ተሳስቶ ቂጡን ሊያሳርፍ ሲል «መምህር፣ ወንበር ሞልቶ የለም?» ብለው አስነስተውታል። «መምህር» የሚሉትም ሌላው ሰው «ወይ ጣጣ» በሚልበት ድምፅ ነው። ልጃቸውን ለሐኪም ሊድሩ አስበው ነበር ይባላል። ሌላው ከእጃቸው የማይለየው ነገር ጥቁር የእጅ ቦርሳቸው ነው። ወደ መታጠቢያ ቤት እንኳ ይዘውት ይገባሉ። ምን አለበት ለሚላቸው «መነጽሬና መሐረቤ» ነው መልሳቸው።

ያን ማታ የይለካ እስክሪብቶ ወለል ላይ ወደቀችና ተንከባላ ሶፋው ሥር ገባች። ተንበርክኮ አንገቱን ሲያስገባ በእማማ በኩል የሶፋው የሆድ ጨርቅ ተቀዶ ተንጠልጥሏል፤ ከቀዳዳው ውስጥ ስፕሪንጎች ተሰልፈው ቁልቁል ያዩታል። ወገባቸው ቀጠን፣ ላይና ታቻቸው ሰፋ ያለ፣ የሚያምሩ ስፕሪንጎች!

«መምህር፣ እዚያ ታች ምን ጠፋህ?» አሉ እማማ ከላይ።

«እስክሪብቶ ናት እማማ።»

«እስክሪብቶ ነው ያን ያህል የሚያስቆይህ?»

አልሰማቸውም። ጭንቅላቱ ውስጥ ሌላ ነገር እየበራለት ነበር። እንዲህ ወገበ ቀጭን የሆነ ስፕሪንግ እንደ መጽሐፉ አይሄድም። ሲጫኑት መጀመሪያ ሰፊዎቹ ጥምዞች ይተኛሉ፤ እነሱ ከተኙ በኋላ ጠባቦቹ ይቀራሉ፣ እነሱ ደግሞ ግትር ናቸው። መስመሩ ቀጥ አይልም፣ ይጎብጣል። መልሱ የትኛውም መጽሐፍ ላይ የለም። መልሱን ለማወቅ መለካት ብቻ ነው ያለው አማራጭ! ይለካ ሶፋው ሥር ተኝቶ ለብቻው ሳቀ። እማማም በምርኩዛቸው ወለሉን ቆርቆር አድርገው ይህ ሰው ጤና የለውም የሚለውን የቆየ አስተያየታቸውን አጸኑ።

እማማ ገላቸውን ሲታጠቡ ይቆያሉ። ውሃው ውስጥ ሆነው የድሮ ሥራቸው ይመጣባቸዋል መሰለኝ፣ «ይጠብቁ፣ አገናኝዎታለሁ!» እያሉ በመታጠቢያው ግድግዳ ላይ ያንባርቃሉ። ድምፃቸው እስካለ ድረስ ሰላም ነው። ይለካ ፒንሳውን ይዞ ሶፋው ሥር ገባና አንዱን ስፕሪንግ ከታሰረበት ገመድ አላቆ አወጣ። ቦታው ባዶ እንዳይሆን አሮጌ ጨርቅ ጠቅልሎ ወሸቀበት። ዓይኑን በጨው አጥቦ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ጋዜጣ ገለጠ።

እማማ መጥተው ቁጭ አሉ። ትንሽ ሰመጡ። ፊታቸው ላይ ጥርጣሬ መጣ፤ ወገባቸውን ዳሰሱ፤ ዝም አሉ። ሁለተኛውን በወሰደ ጊዜ ግን ዝም አላሉም።

«ልጄ!» ብለው ወደ ማድቤቱ ተጣሩ። «ጉድ ሆኛለሁ! ወፍሬያለሁ!»

«ኧረ እማዬ፣ ምን ወፍረሻል?»

«ሶፋው ከሥሬ ገባ እያልኩሽ! ስንት ዓመት ተሸክሞኝ የኖረ ሶፋ ዛሬ አቃተው። አንቺ ነሽ በዘይት ያወፈርሽኝ። ከዛሬ ጀምሮ ዳቦ አልነካም፣ ጣፋጭ አልነካም። ካሮት ቀቅይልኝ።»

ሚስቱ የእናቷ ነገር የማይሆንላት ሴት ናት። እማዬ ብቻዋን ካሮት እየበላች እኛ ጥብስ አንበላም አለች። ከዚያን ማታ ጀምሮ ያ ቤት የካሮት ቤት ሆነ። የተቀቀለ ካሮት፣ የተቀቀለ ጎመን፣ ጨው የሌለው ድንች። ይለካ እያንዳንዱን ካሮት ሲውጥ ጉሮሮው ላይ ይሰነቀርበታል። ግማሹ ጸጸት ነው፣ ግማሹ ካሮቱ ነው። እማማ ሳህናቸውን ገፋ እያደረጉ «ይብቃኝ፣ ለሶፋዬ ስል» ይላሉ፤ በዚያች ደቂቃ እግራቸው ላይ ወድቆ ሊናዘዝ ይቃጣዋል። ከዚያ የምክትሉ አበባ ማስቀመጫ ትዝ ይለዋል። ሦስተኛውን ወሰደ።

ላብራቶሪው ውስጥ ነገሩ እንዲህ በቀላሉ አልሄደም። ስፕሪንጉን ጠረጴዛ ላይ አቁሞ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ ቢጭንበት ወደ ጎን ተጎንብሶ ጠርሙሱን አሽቀነጠረው። ስለዚህ መሃል ለመሃል ቀጭን ብረት አሳለፈበትና ብረቱን ከጣውላ ጋር ቸነከረው። በላዩ መሃሉ የተበሳ ክብ እንጨት አደረገ፤ ጠርሙሶቹ የሚደረደሩት እሱ ላይ ነው። በጎን ማስመሪያ አቆመ፤ ክብ እንጨቱ ጠርዝ ላይ መርፌ ሰካና የመርፌዋ ጫፍ ማስመሪያውን እንድትጠቁም አደረገ። ልጆቹ ቆመው ከላይ ወደ ታች እያዩ ሲያነቡ ቁጥሩ ሁሉ ተሳሳተ፤ ስለዚህ ተንበርክከው፣ ዓይናቸውን ከመርፌዋ እኩል አድርገው እንዲያነቡ አስገደዳቸው። ክፍሉን ያየ ሰው ጸሎት ላይ ናቸው ይል ነበር። ጠርሙስ ሲጨምሩ ያነባሉ፣ አንድ በአንድ ሲያነሱም ያነባሉ፤ ስፕሪንጉ ወደ ድሮ ቁመቱ ካልተመለሰ እንደገና ከሀ ይጀምራሉ።

የክፍሉ አንደኛ የሆነችው ልጅ ከሁሉ ቀድማ ግራፏን ይዛ መጣች። ቀጥ ያለ፣ እንደ ምላጭ የጠራ መስመር ነበር።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከስፕሪንጉ ነዋ፣ ቲቸር።»

«ከስፕሪንጉ?»

«የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጠርሙሶች ለካሁ፤ ሌላው ያው መቼም...» አለችና ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ይለካ ወረቀቱን ተቀብሎ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። የቀሩት ልጆች ግን ተደናግጠው ተሰብስበው መጡ። የእነሱ መስመር መጀመሪያ ሽቅብ ይሮጥና ኋላ ደከም ብሎ ይጋደማል። «ቲቸር፣ ተበላሽቶብናል» አሉት። «ሦስት ጊዜ ሞከርነው፣ ሦስቱንም ጊዜ ጠመመ።» ይለካ ጠማማውን ወረቀት ወደ ብርሃን አንስቶ አየ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ይኸው! ስንት ዓመት ሙሉ ሲጠብቀው የኖረው ወረቀት ይህ ነበር፤ ልጆቹ ያላዩትን ያልጻፉበት ወረቀት። ወስዶ ከቀጥተኛው ጎን ለጠፈው።

ተቆጣጣሪዋ በምትመጣበት ቀን ጠዋት ጣጣ መጣ። አራት ቡድን ነው ያለው፣ ስፕሪንጉ ሦስት። እማማ መታጠቢያ ቤት ገብተው «ይጠብቁ!» ማለት ሲጀምሩ ይለካ ለመጨረሻ ጊዜ ሶፋው ሥር ተሽሎክልኮ ገባ። አራተኛውን አላቆ ካወጣ በኋላ የሚወሽቀው ጨርቅ አጣ። ሰዓቱ ደርሷል። ሚስቱ ልታጥበው ስንት ጊዜ የፈለገችውን፣ እሱም ከታጠበ ይሸበሸባል ብሎ የደበቀውን የራሱን አረንጓዴ ሹራብ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ጎትቶ አወጣና እሱን ጠቅጥቆበት እግሬ አውጪኝ አለ።

ተቆጣጣሪዋ ዝምተኛ ሴት ነበረች። ከረሜላ አፏ ውስጥ እያገላበጠች በቡድኖቹ መሃል ተዘዋወረች፣ መርፌዋን ጎንበስ ብላ አየች፣ ጠርሙስ አንስታ መልሳ አስቀመጠች። ምክትሉ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይከተላታል፤ ከሙከራው ይልቅ የመስኮቱን ስፋት ነው የሚያየው። ግድግዳው ጋ ሲደርሱ ግን ደረቱን ነፋ።

«ይኸውልዎት!» አለ ጠማማውን ግራፍ እየጠቆመ። «ይሄ ምንድን ነው? ስፕሪንግ ቀጥ ያለ መስመር እንደሚሰጥ እኔ የታሪክ መምህሩ እንኳ አውቃለሁ። ትክክለኛውን የሠራችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት። የቀረው ሁሉ ስህተት ነው። በስህተት የተሞላ ክፍል ምን ያደርጋል?»

አንደኛዋ ልጅ ጫማዋን ማየት ጀመረች።

ተቆጣጣሪዋ ከረሜላዋን በጉንጯ ይዛ ወደ ይለካ ዞረች። «መምህር፣ የትኛው ነው እውነቱ?»

ልጆቹ ሁሉ መልሱን ስለሚያውቁት በአንድ ድምፅ «ይለካ!» አሉ።

«ልክ ናቸው» አለ ይለካ። «ክብደቱን ማናችንም የማናውቀው ዕቃ ይምጣና ስፕሪንጉ ላይ ይቀመጥ። መርፌዋ የጠቆመችውን ይዘን ሁለቱንም ግራፍ እንጠይቅ። ከዚያ ከምግብ ቤቱ ሚዛን አምጥተን እንመዝነው። የዋሸው ይለያል።»

ዕቃ ሲፈለግ በሩ በምርኩዝ ተከፈተ።

እማማ ናቸው። በአንድ እጃቸው ምርኩዝ፣ ክንዳቸው ላይ ጥቁር ቦርሳቸው፤ በሌላው እጃቸው እንደ ሞተ ድመት የተንጠለጠለ አረንጓዴ ሹራብ። ይለካ ከጠረጴዛው ጀርባ ለመስመጥ ፈለገ፤ ወለሉ እሺ አላለውም።

«መምህር!» አሉ። «ሶፋዬ ዛሬ ሙልጭ አድርጎ ዋጠኝ! ጎረቤት ነው ጎትቶ ያወጣኝ። እጄን ብሰድ ይሄ ሹራብህ አይደለም እንዴ ከሆዱ የወጣው? ስፕሪንጌ የታለ?»

እማማ ክፍሉን ቃኙት። አራቱ ስፕሪንጎቻቸው በየጠረጴዛው ላይ፣ ብረት መሃላቸው ተሰክቶ፣ ጠርሙስ ተሸክመው ቆመዋል።

«እማማ፣ እኔ...»

«ቆይ!» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ሰውነቴ አልጨመረም ማለት ነው?»

ይለካ አንገቱን ደፋ። ያቺን ጥያቄ ሲፈራ ነበር። «አልጨመሩም እማማ። ምንም አልጨመሩም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ካሮት ሲያበላኝ ከርሞ!» አሉ እማማ ለተማሪዎቹ። ከኋላ በኩል አንዱ ሳቁን ሊያፍን ብሎ አስነጠሰ።

ምክትሉ ፊቱ በርቷል። «እንዴት ያለ ጉድ ነው! የተሰረቀ ንብረት በትምህርት ቤታችን ውስጥ? እማማ፣ ይናገሩ። ይህ ሰው ሰርቆዎታል?»

«መጀመሪያ የጀመርነውን እንጨርስ» አለች ተቆጣጣሪዋ። ሳቅ አፏን እየታገላት ይሁን ከረሜላው፣ ያጠራጥራል። «ዕቃ ስንፈልግ አልነበር? የእማማ ቦርሳ ይሁን።»

እማማ ቦርሳውን ወደ ደረታቸው አስጠጉት። «ኧረ ባክሽ ልጄ፣ ይሄ ምኑ ይለካል? መነጽርና መሐረብ ነው ያለው።»

«ግድ የለም፣ ጥሩ ነው እንዲያውም» አለ ምክትሉ፤ ሙከራው በባዶ ቦርሳ ቢከሽፍ ደስታው ነው። አክብሮ ከክንዳቸው ላይ ወሰደውና ራሱ ክብ እንጨቱ ላይ አስቀመጠው።

ስፕሪንጉ ጢጥ ብሎ ወረደ። ወረደ፣ ወረደ፣ ጥቅጥቅ ብሎ ቆመ። ልጆቹ በአንድ ጊዜ ተንበረከኩ። ተቆጣጣሪዋም ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ተንበረከከች። መርፌዋ የጠቆመችውን አነበቡና ወደ ግድግዳው ሄዱ። ቀጥተኛው መስመር አንድ ኪሎ ተኩል አለ። ጠማማው ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ አለ። የምግብ ቤቱ ሚዛን መጣ፤ ቦርሳው ተጫነ። ሁለት ኪሎ ተኩል፣ ትንሽ ፈሪ።

ልጆቹ ጮኹ። የአንደኛዋ ልጅ ጩኸት ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ሮጣ ሄዳ የራሷን ግራፍ ከግድግዳው ገነጠለችና «ሁለት ጠርሙስ ብቻ ነው የለካሁት! ሌላውን ከመጽሐፉ ነው ያመጣሁት!» ብላ ለተቆጣጣሪዋ ተናዘዘች። ተቆጣጣሪዋ ግን እሷን አልሰማቻትም፤ ቦርሳውን እያየች ነበር።

«ሁለት ኪሎ ተኩል መነጽርና መሐረብ?» አለች ለስለስ ብላ።

ይለካ ወደ ሚዛኑ ጠጋ ሲል የቦርሳው ዚፕ ትንሽ ተከፍቷል። በቀዳዳው በኩል የብስኩት ፓኮ ጫፍ አየ። ከሥሩ ሌላ ፓኮ አለ። ከዚያ ሥር ክዳኑ ቀይ የሆነ የማርማላታ ጠርሙስ፣ ማንኪያውም አብሮ። ቀና ብሎ እማማን አያቸው። እማማም አዩት። በዚያ ቤት አንድ ላይ መኖር ከጀመሩ ወዲህ እንዲህ ዓይን ለዓይን ተያይተው አያውቁም። እሱ ካሮት እያነቀው ሲጸጸት የከረመላቸው ሴት መታጠቢያ ቤት ገብተው ብስኩት በማርማላታ ሲበሉ ነው የከረሙት!

ሊናገር ይችል ነበር። አፉም ተከፍቶ ነበር። ግን የእማማ ጉንጭ ሲቀላ አየና ሆዱ ባባበት። ዚፑን ሳብ አድርጎ ዘጋው።

«የእማማ መነጽር ወፍራም ነው» አለ። «ከሩቅም ከቅርብም የሚያዩበት።»

ተቆጣጣሪዋ ጥቂት አየችውና ከረሜላዋን ቆረጠመች። «ይሆናል» አለች።

ምክትሉ ግን አልተወም። «እሺ፣ ግራፉ ይሁን። ስርቆቱስ? እማማ፣ በተቆጣጣሪዋ ፊት ይመስክሩ። እነዚህ ስፕሪንጎች ተሰርቀውብዎታል አይደል?»

እማማ ቦርሳቸውን ከሚዛኑ ላይ አንስተው ክንዳቸው ላይ አስገቡ፤ አመቻቹት። ከዚያ ምክትሉን ከእግር እስከ ራሱ ገረመሙት።

«ማነው የሰረቀው?» አሉ። «እኔ ነኝ የሰጠሁት። ለልጆች ትምህርት ብዬ። የመጣሁት እንዴት አድርጎ እንደያዘልኝ ለማየት ነው፤ ደግሞ ብርድ እንዳይመታው ሹራቡን ላቀብለው። አንተን ማን ጠየቀህ?»

«አሁን እኮ...»

«አሁን ምን? ከአማቼ ጋር የማወራው በዚህ ድምፅ ነው።»

ተቆጣጣሪዋ ወጣ ስትል «ላብራቶሪው ይሠራል» አለች። ሌላ ነገር አልተናገረችም፤ ሌላ ነገርም አላስፈለገም። ምክትሉ ወደ ቢሮው ገብቶ በሩን ጓ አድርጎ ሊዘጋ ወረወረው፤ በሩ ግን እስከ ግማሽ ሄዶ ቆመ። እስከ ዛሬም አይዘጋም። ምክትሉ ሲቆጣም፣ ሲያፏጭም፣ በምሳ ሰዓት ሲያንኮራፋም ኮሪደሩ ሁሉ ይሰማል። ስፕሪንጉ የይለካ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ እመልሰዋለሁ ይላል፣ ይረሳል።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ አንድ ላይ ወደ ቤት ተመለሱ። ቤት ሲገቡ ሚስቱ ማድቤት ናት፤ ድስቱ ውስጥ ምን እንደሚፈላ ከጠረኑ ታውቋል። እማማ ሶፋቸው ላይ በጥንቃቄ ተቀመጡ፤ ሶፋው ወደ እሳቸው በኩል ተዘቀዘቀ። ይለካ እንደ ልማዱ ወንበር ሊስብ ሲል በምርኩዛቸው ያዙት።

«አንተ ልጅ፣ ና እዚህ ወዲያኛው ጥግ ቁጭ በል። አንድ ሰው ካልተቀመጠበት እኔ መሬት መውረዴ ነው።»

መምህር አላሉትም። ልብ አለው። ሄዶ በስተዚያኛው ጫፍ ቁጭ አለ፤ ሶፋው ጢጥ ብሎ ተስተካከለ። እማማ ወደ ማድቤቱ ጆሯቸውን አቁመው ዚፑን ቀስ አድርገው ከፈቱ። አንድ ብስኩት ለእሱ፣ አንድ ለራሳቸው አወጡ።

«ከነገርካት...» አሉ በሹክሹክታ።

«ምን ቆርጦኝ።»

«የሶፋውንም እኔ አልነግራትም። ካሮቱን ግን እንግዲህ ቻለው፤ ምን ብዬ አስተዋታለሁ?»

ሁለቱም ጉንጫቸውን ሞልተው ያኝኩ ነበር። ሚስቱ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ብቅ ስትል ይለካን ሶፋው ላይ አይታ ደነገጠች፤ ቀጥሎም ደስ አላት። እናቷን ከላይ እስከ ታች አየች።

«እማዬ፣ ታውቂያለሽ፣ ካሮቱ ሠርቷል። የቀነስሽ ይመስለኛል።»

ይለካ ከብስኩቱ ጋር አፉን ከፈተ። ሃያ ዓመት የለመደው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የእማማ ምርኩዝ እግሩ ላይ አረፈና፣ አፉን መልሶ ዘጋው።